«አመመኝ» ለማለት ፈቃድ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ ርዕሰ መምህራችን፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልኩ፣ ራስዎን ሳይፈልጥዎ፣ ወገብዎን ሳይቆርጥምዎ፣ ቢያምዎም እንኳ የሚያምዎትን ቦታ የሚጠሩበት ቃል ሳያጡ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር ፈረንሳይኛችንን እንድናሻሽል ለሁለት ሳምንት ወደ ውጭ አገር ከላኳቸው አሥራ ስምንት ተማሪዎች አንዷ፣ በተለይም «በሕዝብ መካከል በተከለከለ ቋንቋ በመጮህ የትምህርት ቤቱን ስም አጉድፋለች» ተብላ የምስክር ወረቀት የተነፈገችው ነኝ። ክቡርነትዎ የይቅርታ ደብዳቤ በሦስት ቅጂ እንዳስገባ ባዘዙት መሠረት እነሆ አቅርቤያለሁ፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለወላጆች ኮሚቴ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሌላውም እንዲማርበት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ይሁንና ከይቅርታ ምስጋና ይቀድማልና በእሱ ልጀምር።

አንደኛ፣ ገና አውሮፕላን ሳንሳፈር ስልኮቻችን በአንድ ከረጢት ተሰብስበው እንዲቆለፉ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ከቤተሰብ ጋር ማውራት ምላስን ወደ ኋላ ይጎትታል ብለው በወላጆች ስብሰባ ላይ በፈረንሳይኛ ሲያስረዱ፣ እናቶቻችን አንድም ነገር ሳይገባቸው በአክብሮት ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነበር። ስልኩም አፍ መፍቻ ቋንቋችንም ከዚያው ከረጢት ገቡና፣ እኛ አፋችን እንደተቋጠረ ተሳፈርን።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀዩ ደብተር አመሰግናለሁ። ደብተሩን የያዙት የፈረንሳይኛ መምህራችን ነበሩ፤ እኛ ተማሪዎቹ «ሙሴ» የምንላቸው፣ ባሕር ስለከፈሉ ሳይሆን ፈረንሳይኛ ስለሚያስተምሩ ነው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ «አቶ» ማለት ነውና። በመመሪያዎ መሠረት በራሱ ቋንቋ የተናገረ ተማሪ ሁሉ ምልክት ይደረግበታል፤ ሦስት ምልክት የሞላበት የምስክር ወረቀት አያገኝም። ይህ ሥርዓት እንዴት እንደሠራ ቢያዩት ደስ ባለዎት። በሁለተኛው ቀን አንዷ ልጅ ጣቷን የመኪና በር ቀርቅሮባት «ዋይ!» ስትል፣ «ዊ ነው ያልኩት፣ አዎ ማለቴ ነው» ብላ ብትከራከርም ሙሴ ጥቂት አስበው ምልክቱን አደረጉባት። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም በዓይን መነጋገር ለመድን።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የምንጋራ ጓደኛ አለችኝ። ንግግር ስለማታበዛ ጭምቷ እንላታለን። በዚያ አገር ሁለታችንም ያረፍነው ብቻቸውን በሚኖሩ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጭምቷ የቀረበላትን ዳቦ ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው። ልብስ ሰፊዋ መርፌ የተሰካበት ኮሌታቸውን እያስተካከሉ «ሳ ቫ?» ብለው ጠየቋት፤ ደህና ነሽ ወይ ማለታቸው ነው። እሷም «ሳ ቫ» አለች፤ ደህና ነኝ ማለቷ ነው። በዚያ አገር በምንማርበት ትምህርት ቤት በር የተቀበለችን አስተማሪ ጠየቀቻት፤ «ሳ ቫ» አለች። የአውቶቡሱ ሾፌር ጠየቃት፤ ግንባሯን የአውቶቡሱ ብረት ላይ አስደግፋ «ሳ ቫ» አለች። ክቡርነትዎ ያጸደቁልን መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የተለየ መልስ የለውምና፣ ልጅቷ እያመማት መጽሐፉን በትክክል መለሰች።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሆዴን… በቀኝ በኩል እየቆረጠኝ ነው» አለችኝ። ሙሴ ከፊት ወንበር ዞር እንኳ ሳይሉ የእስክሪብቷቸው ክዳን ሲከፈት ሰማን። ይህ ሁለተኛ ምልክቷ ነበር። ጭምቷን ያሳደጓት እናቷ ብቻቸውን ናቸው፤ በልብስ ንጽሕና ቤት ሲያጥቡና ሲተኩሱ የሚውሉ ሴት ናቸው፤ ለምስክር ወረቀቱ መስቀያ የሚሆን ምስማር ገና ሳንሄድ ግድግዳቸው ላይ መትተው ነበር። ይህን ስለማውቅ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። እሷም ዝም አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት አባቶች ሲተርቱ፣ በሽታን መናገር ምልክት የሚያስደርግበት ዘመን ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም መሰለኝ።

ሙዚየም ደረስን። አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ማዕበል ላይ የምትንገላታ መርከብ በተሳለችበት ሥዕል ፊት ቆመን፣ ሁላችንም ሦስት ሦስት ዓረፍተ ነገር እንድንናገር ታዘዝን። ተራው ጭምቷ ጋ ሲደርስ ልጅቷ ከወገቧ ታጥፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሙሴ በፈረንሳይኛ እንድትነሳና ምን እንደሆነች በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንድታስረዳ ጠየቋት። «ዠ…» አለች፤ «እኔ…» ማለት ነው። «ጥሩ። ‹ዠ›፤ ከዚያስ? ግሱስ?» አሏት። ግሱ አልመጣም። አሥራ ሰባት ተማሪዎችና አንድ መምህር ሥዕሉን ትተን ግሱን መጠበቅ ጀመርን። ላብ አጥምቋታል፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ጥፍሮቿ ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ ገብተዋል። «ባለቤቱን ብቻ ተናግረሽ አትተዪው፣ ግሱን ጨምሪበት» አሉ ሙሴ፣ እንደ ሁልጊዜው በለሰለሰ ድምፅ።

የትምህርት ቤቱ ስም የጎደፈው በዚህ ጊዜ ነው። «ግሱ ይቅርባት! ልጅቷ በእጃችን ልትሞት ነው፣ አያዩም እንዴ!» ብዬ ጮህኩ። በውሳኔ ደብዳቤዎ ላይ ስምንት ቃል ተብሎ ተመዝግቧል፤ ደግሜ ብቆጥረው በእርግጥም ስምንት ነው፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

በአዳራሹ በር አጠገብ ሥዕሎቹን የምትጠብቅ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣ ነበር። ከኛ ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም። ከጮህኩት ስምንት ቃል ግን ሁሉም ገብቷት በርጩማዋን ገልብጣ ሮጠች፣ የጭምቷን ግንባር ዳሰሰች፣ ወዲያው በሬዲዮዋ አምቡላንስ ጠራች። በእኛው ቋንቋ አፋቸውን የፈቱት ሙሴ ግን ደብተራቸውን ከፍተው ቆመው ነበር።

አራተኛ፣ «መርሐ ግብር በማንኛውም ምክንያት አይስተጓጎልም፤ ኃላፊው መምህርም ከቡድኑ አይለይም» ስለሚለው ሰባተኛ አንቀጽዎ አመሰግናለሁ። አምቡላንሱ ሲመጣ ሙሴ መመሪያውን ከኪሳቸው አውጥተው አነበቡት። አንድ እግራቸው ወደ አምቡላንሱ፣ አንድ እግራቸው ወደ ተማሪዎቹ ሆኖ ለትንሽ ጊዜ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ሁለት ሰው ሲታገል አየሁ፤ አሸናፊው ወረቀቱ ሆነ። ቀጣዩ መርሐ ግብር የጀልባ ሽርሽር ነበርና እሳቸው ከአሥራ ስድስቱ ጋር ወደ ጀልባው ሄዱ። ስልኮቻችን፣ የወላጆቻችን አድራሻና የጤና ቅጾቻችን ያሉበት ቦርሳም አብሯቸው ተንሸራሸረ። ከታማሚዋ ጋር የተሳፈርኩት እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው።

ሐኪሟ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ወጣት ሴት ነበረች። ከጠየቀችኝ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹን ገመትኩ። ጭምቷ እጄን ጎትታ «አንድ ዓይነት መርፌ አለ፣ እሱን እንዳይወጉኝ ንገሪያት! ልጅ ሳለሁ አሳብጦኝ ልሞት ነበር» አለችኝ። ማበጥን በፈረንሳይኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም፤ መርፌንም በልብስ ሰፊዋ ቤት የተማርኩት ለስፌት ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ክንዴን በጣቴ ወጋሁ፣ ጉንጬን ነፋሁ፣ ሰውነቴን አከክሁ፣ ትንፋሼ እንደተቆረጠ ሆኜ ዓይኔን ገለበጥኩ፣ ከዚያም እጆቼን አጣምሬ «ኖ! ኖ! ኖ!» አልኩ። ሐኪሟ አልሳቀችም። የመድኃኒቶች ስም አንድ በአንድ እየጠራች ጭምቷን ጠየቀቻት፤ በአራተኛው ላይ ጭምቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሟ ቀይ አምባር አሠረችላትና በወረቀቱ ላይ በትልልቁ ጻፈች። ያ መድኃኒት በዚያ ቀን ሊሰጣት ተዘጋጅቶ እንደነበረ ኋላ ነው የነገሩን።

ቀጥሎ የወላጅ ፈቃድ ተጠየቀ። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ነግሬ ሆስፒታሉ የደወለላቸው ልብስ ሰፊዋ ጣታቸው ላይ የስፌት ቆባቸው እንዳለ እየሮጡ መጥተው ስልካቸውን ሰጡኝ። የልብስ ንጽሕና ቤቱ ቁጥር ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ተጽፎ ስላደግሁበት በቃሌ አውቀዋለሁ። እናቷ ስልኩን ሲያነሱ የተኩስ ማሽኑ ከጀርባቸው ይተነፍስ ነበር። ነገርኳቸው። ማሽኑ ቆመ።

«ትርፍ አንጀት ነው ያሉሽ?»

«አዎ እትዬ። አሁኑኑ ካልተቀደደ ይፈነዳል አሉ።»

«ፈቅጃለሁ በያቸው። አንቺ ግን ስሚኝ፣ ልጄን በሚገባት ቋንቋ አናግሪልኝ። እጇን ይዘሽ አናግሪያት። እሰው አገር ብቻዋን የቀረች እንዳይመስላት።»

እንደታዘዝኩት የቀዶ ጥገናው ክፍል በር እስኪዘጋ ድረስ ከአልጋዋ ጎን እየተራመድኩ አወራኋት። ስለ ዴስካችን፣ ስለ ሒሳብ ፈተናው፣ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አወራኋት። ስንት ቃል እንደነበረ አልቆጠርኩም፤ ለመዝገቡ የሚያስፈልግዎ ከሆነ በግምት ሊሞላ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቻለሁ፤ እጄም ደከመ።

ቀዶ ጥገናው ሊያልቅ ሲል ሙሴ በኮሪደሩ እየሮጡ መጡ። ተማሪዎቹን ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤቶች አደራ ሰጥተው፣ አንቀጽ ሰባትን ጥሰው መምጣታቸው ነው። «ተረፈች? ልጄ፣ ተረፈች ወይ?» አሉኝ። በአራት ቀን ውስጥ በራሳቸው ቋንቋ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ቀይ ደብተር ስላልነበረኝ በዝምታ አለፍኳቸው። ሐኪሟ ወጥታ በሰላም እንዳለቀ ስትነግረን እኚያ ትልቅ ሰውዬ ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡና እንደ ልጅ አለቀሱ። ስንመለስ ደብተሩን ይዘው ቢሮዎ እንደገቡና ምልክቶቹ በሙሉ እንዲሰረዙ እንደለመኑ እሳቸው ራሳቸው በክፍል ነግረውናል። እርስዎ ግን «ሕግ ለአንዱ ከላላ ለሁሉም ይላላል» ብለው እንደመለሱላቸውም ነግረውናል። ለጭምቷ ደግሞ «ከአሥራ አራቱ የጉዞ ቀናት አሥሩን አልተከታተለችም» የሚል ማስጠንቀቂያ በእናቷ አድራሻ ልከውላታል፤ በሆዷ ላይ ሰባት ስፌት ይዛ የተኛችባቸው ቀናት መሆናቸውን ለማወቅ ጊዜ እንዳላገኙ እረዳለሁ።

አሁን ወደ ታዘዝኩት ይቅርታ እመለሳለሁ። በአውቶቡሱ ውስጥ ጓደኛዬን ዝም ያሰኘኋት ለእሷ ምስክር ወረቀት ብቻ አስቤ አይደለም። እኔም ላይ ሁለት ምልክት ነበረብኝ። አፌን ከከፈትኩ ሦስተኛው የእኔ ነው ብዬ ፈራሁ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ከጎኔ ስታቃስት እኔ በመስኮት ሕንጻ እቆጥር ነበር። ለጩኸቴ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ለዝምታዬ ግን እሷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን ዝም እል ነበር» አለችኝ። ይህ መልስ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ነው። እርስዎንም ቢያስፈራዎ ደስ ይለኛል።

በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ሠላሳ ሁለት የአሥረኛ ክፍል ልጆች እንደሚሄዱ፣ የሚፈቀደውም ምልክት ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ እንዳለ በማስታወቂያ አንብቤያለሁ። የምለምንዎ ጥቂት ነው፦ የጤና ቅጹ በየልጁ ኪስ ይሁን፣ የታመመ ልጅም በፈለገው ቋንቋ ይጩህ። ይህ እስኪፈቀድ ድረስ ጭምቷ በየእረፍቱ ከደረጃው ሥር ታናናሾቿን ሰብስባ «ዤ ማል» ማለትን ታስተምራለች፤ «አመመኝ» ማለት ነው፤ ግስም አለው። ልጆቹ ይስቃሉ። እሷ አትስቅም፤ ሁሉም በትክክል እስኪለው ድረስ መልሳ መላልሳ ታስብላቸዋለች።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ በተለይም በመርሐ ግብሩ ላልተያዘው፣ ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ እየነሳሁ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ሲያምዎም የሚሰማ ጆሮ እንዲሰጥዎ የምመኝልዎ፣

ታዛዥ ለመሆን ሞክራ ያልተሳካላት ተማሪዎ።

ማሳሰቢያ፦ የጭምቷ እናት ሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ወስደው ቢሮዎ ይመጣሉ። ፈረንሳይኛ አይችሉም። አስተርጓሚ ለመፈለግ ግን እንዳይቸገሩ፤ የሚሉዎት ይገባዎታል።