ያለ ፈቃድ ስለ ተጠገነው መኪና የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ አቶ ሣህሉ
የመሥሪያ ቤታችን የንብረትና ስምሪት ኃላፊ
ጅማ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ለወገብዎና ለደም ግፊትዎ ያለኝን መልካም ምኞት እያቀረብኩ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች እስካሁን እርስዎ ዘንድ የሚደርሱበትን መንገድ ስላላገኙ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ ሀብተጊዮርጊስ፣ የመሥሪያ ቤቱን ላንድክሩዘር ሃያ ሁለት ዓመት የነዳሁ የቦሳ አዲስ ሰፈር ነዋሪ ስሆን፣ ጥፋቴም የተበላሸ መኪና እንዲጠገን ማድረጌ ነው።

እንደሚያስታውሱት ባለፈው ግንቦት መጨረሻ የአሥረኛ ክፍል የከሰዓት ፈተና ወረቀት ጭኜ፣ ፈታኟን መምህርት ሳቢሃንና አንድ ጠባቂ ፖሊስ አሳፍሬ፣ ከሰኮሩ ስልሳ ኪሎ ሜትር ወደሚርቅ ትምህርት ቤት ልከውኝ ነበር። አስፋልቱ እየተሠራ ስለነበር ሰኮሩ ሳንደርስ በጭቃ ተለዋጭ መንገድ አስገቡን፤ እኔም ከዋናው ማርሽ ጎን ያለችውን አጭር ዘንግ ስቤ የጉልበቱን ማርሽ አስገባሁና ወጣን። አስፋልቱ ላይ ስንመለስ ግን ዘንጓ ንቅንቅ አልል አለች። ይህ ማርሽ ለጭቃና ለዳገት የተሠራ ስለሆነ፣ ሞተሩ እያጓራ መኪናው በሰዓት ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ አልሄድ አለ፤ ሰኮሩ መግቢያ ላይ ባጃጅ ጥሎን አለፈ።

ከተማው ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ፈተናው የሚጀመረው ስምንት ሰዓት ነው። በዚያ አካሄድ አንደርስም። ወዲያው ደወልኩልዎ፤ እርስዎም ጥገና የሚፈቀደው ቅጽ በሦስት ቅጂ ተሞልቶ ሲቀርብ ብቻ መሆኑን፣ ቅጹም ጅማ ቢሮዎ እንደሚገኝ በእርጋታ አስረዱኝ፤ ለዚህ ማብራሪያ ዛሬም አመሰግናለሁ። መምህርት ሳቢሃ ስልኩን እስክዘጋ ጠብቃ፣ «አባባ፣ መቶ አርባ ልጆች ናቸው፤ ወረቀቱ ካልደረሰ ዓመታቸው ሄደ ማለት ነው» አለችኝ። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ስለዚህ ቲጃኒ የሚባሉ አዛውንት መካኒክ ለመንኩ። ጭቃው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ከመኪናው ሥር ገቡና፣ ማርሹ ራሱ ደህና እንደሆነ፣ ዘንጓን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ብረት ግን መጋጠሚያው ላይ በዝገትና በደረቀ ጭቃ እንደተያዘ ነገሩኝ። የፍሬን ዘይት አፈሰሱበት፤ ጠበቁ፤ በመዶሻ ቀስ እያሉ መቱት። እኔ ከላይ ስስብና ስገፋ አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ዘንጓ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እሳቸውም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ለልጆቹ ነው፤ አላህ ያድርሳችሁ» ብለው ሸኙን። ለስምንት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲል ደረስን። መቶ አርባውም ተፈተኑ።

ከዚያ ወዲህ ያደረጉልኝን በዝርዝር ማመስገን ይገባኛል።

፩ኛ፦ የታሸገ ፈተና የጫነ የመንግሥት መኪና ባልተፈቀደለት ሰው አስነክተሃል ተብዬ ታገድኩ። ፖሊሱ ከወረቀቱ አጠገብ ለአፍታ እንዳልተለየ የሰጠው ቃል ለአጣሪ ኮሚቴው ተመርቷል፤ ኮሚቴው ግን አንድ አባሉ ስለተዛወረ ይኸው ስድስት ወሩ፣ አንድ ቀን አልተሰበሰበም። በአሠራር ለውጥ ሥልጠናው ላይ የሁለት ቀን ጉዳይ በሁለት ሰዓት እንደሚያልቅ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

፪ኛ፦ መታገዴ ቤቴ እንድቀመጥ አላደረገኝም። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈርሜ፣ በር ላይ ካለው አግዳሚ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እንዳልነሳ ታዝዣለሁ።

፫ኛ፦ አንድ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ሊቀጥረኝ ፈልጎ መልቀቂያ ሳስገባ፣ ጉዳዩ በምርመራ ላይ ያለ ሠራተኛ መልቀቅ እንደማይችል ጽፈው መለሱልኝ። ነጋዴው ሌላ ሰው ቀጠረ። ባለቤቴ ወርቅውሃ ስገባ «ዛሬስ ምን አሉህ?» ትለኝ ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ መጠየቁን ትታ ራቴን ብቻ ታቀርባለች።

፬ኛ፦ ባለፈው ሳምንት «ጥፋቴን አምኛለሁ» የሚል ወረቀት በጸሐፊዎ በኩል ልከውልኛል፤ ከፈረምኩ በማግስቱ ወደ መሪዬ እንደምመለስም ተነግሮኛል። ክቡር ሆይ፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። መውጫ በር ይህ አንድ ብቻ ነበር። ግን ይህን ብፈርም ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው ሹፌር መኪናው ሲበላሽበት ቅጹን እየጠበቀ ልጆቹን ያስቀራቸዋል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር፣ ሳይፈረም፣ በክብር መልሻለሁ።

መታገስ እንድማር ስለፈቀዱልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ከአግዳሚው ሳልነሳ እጅ የምነሳዎ፣ ሠራተኛም ተሰናባችም ያልሆንኩ፣
ሀብተጊዮርጊስ
ኅዳር ፳፻፩ ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ መኪናው ማስረጃ ስለሆነ ኮሚቴው እስኪያየው ድረስ «ብልሽቱ በነበረበት ሁኔታ»፣ ማለትም በጉልበት ማርሽ ብቻ እንዲነዳ በፊርማዎና በማኅተም አዝዘዋል። እሑድ ዕለት ዘመድ ልጠይቅ በሚኒባስ ስሄድ፣ እርስዎ በዚያው ላንድክሩዘር ወደ አዲስ አበባ ስብሰባ ሲሄዱ ዳገት ላይ አለፍንዎ፤ ከኋላዎ አሥራ አንድ አይሱዙ ተሰልፎ ነበር። ምትክ ሹፌሩ ገበየሁ ማርሹን እንዲቀይር ቢለምኑትም «በጽሑፍ ካልታዘዝኩ አልቀይርም» እንዳለዎ ሰምቻለሁ። መኪናው ምንም አልሆነም፤ የያዘዎት የራስዎ ፊርማ ነው።