ሁለቱ ቃለ ጉባኤዎች

ጥር 14
ዛሬ የኬሚስትሪ ረዳት መምህር ቅጥር ቃለ መጠይቅ ነበር። ሦስት አመልካቾች። ቃለ ጉባኤ ያዥ እንደ ሁልጊዜው እኔ። መብራት ስለጠፋ በእጅ ጻፍኩ። ህብረት ዳልጮ የምትባል ልጅ አንደኛ ወጣች፤ በቃል ፈተናው ከአርባ ሠላሳ ስድስት። ከኮሚቴው አባላት ማንንም የማያመሰግነው አቶ በድሉ እንኳን «ጎበዝ!» አላት። ሦስቱም የኮሚቴ አባላት ፈረሙ። ስመለስ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ገዛሁ፤ ልጄ ሊድያ ትወዳለች። ደህና ቀን።

ጥር 15
የኮሌጁ የሰው ኃይል ኃላፊ አቶ አንጁሎ ጠራኝና በሩን ዘጋ። የኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ ነው።
«ዘመነች፣ ያቺ ልጅ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ጪናሻ ናት። የሸክላ ሠሪ ዘር፤ ወላጆቿ አሁንም ጉኑኖ አካባቢ ማሰሮ ይሠራሉ።»
«እሺ... ታዲያ?»
«ታዲያማ መምህራኑ አብረዋት ማዕድ ይቀርባሉ? ተማሪውስ ይሰማታል?»
አዲስ ቃለ ጉባኤ አስጻፈኝ። ሠላሳ ስድስቱ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ሁለቱ አባላት ቀና ሳይሉ ፈረሙ። «የትናንቱን ቅደጂው» አለኝ። አልቀደድኩትም። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን? እኔም አላውቅ።

ጥር 19
ውጤት ተለጠፈ። ህብረት መስኮቴ ጋ መጣች።
«እህቴ፣ የቃል ውጤቴን ብቻ አሳዪኝ።»
«ኮሚቴው ነው የወሰነው» አልኳት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።
«ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ዘሬን ሲያውቁ ዶርም የቀየሩ ልጆች ነበሩ። ሥራ ስይዝ ይቀራል ብዬ...» አልጨረሰችውም። የአቤቱታ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ማህተም መትቼ ተቀበልኳት። ሌላ ምን ላድርግ?

ጥር 22
«ቀደድሽው?» አለኝ አቶ አንጁሎ፤ ሻይ እየጠጣ፣ እንደ ቀልድ።
«አዎ።»
ዋሸሁ። ኮንትራቴ የካቲት 30 ያልቃል፤ የሚያድሰው እሱ ነው። ወደ ቤት ስሄድ አንድ ሞተረኛ ቀስ እያለ ከኋላዬ መጣ። እርምጃዬን አፈጠንኩ። ለካ ተሳፋሪ ፈልጎ ነው። «የት ላድርስሽ?» አለኝ። እንዲህ ሆኛለሁ።

ጥር 23
ወረቀቱን ከቦርሳ ወደ ፍራሽ ሥር፣ ከፍራሽ ሥር ወደ ስፌት መኪናው መሳቢያ... የትም ባደርገው የሚታይ ይመስለኛል።

ጥር 25
ለባሌ ለቸርነት ነገርኩት። እሱም፦ «አያቶቻችን ሶዶ ከገቡ ስንት ዘመናቸው! እኛ እስከ ዛሬ ‹ከየት ናችሁ› እንባላለን። አንቺ ይሄን ስታወጪ ምን የሚሉን ይመስልሻል?»
እውነቱን ነው። ደግሞስ እኔ ንጹሕ ነኝ? ማሰሮ የሚሸጡ ሴቶች እናቴ ቤት ሲመጡ ውሃ የምንሰጣቸው በተለየ ኩባያ ነበር። የማቀብለው እኔ። አንድ ቀን እንኳን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ጥር 27
አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴው ከነገ ወዲያ ቅረቢ ብሎኛል። አቶ አንጁሎ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።
«ዘመንዬ፣ አጭር መልስ ነው። ‹ቃለ ጉባኤው ይሄ ብቻ ነው› በይ፣ በቃ። የዚህን አገር ልማድ አንቺ አታውቂውም። አትግቢበት።»
እኔ? እዚሁ ሶዶ፣ ኦቶና ሆስፒታል የተወለድኩት? አልፌው ሄድኩ።

ጥር 29
አለፈ። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።
የአቤቱታ ሰሚው ሰብሳቢ ወይዘሮ አሰፋሽ ናቸው። «ቃለ ጉባኤው ይሄ ብቻ ነው?» አሉኝ። አንጁሎ ፊት ለፊቴ። ህብረት ጥግ ላይ። «አዎ» ልል አፌን ከፈትኩ... «አይደለም» ወጣ። የመጀመሪያውን ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።
አንጁሎ ብድግ አለ። «ማን ልኳት ነው? ይቺ ሴትዮ ድሮም አትወደንም!»
ወይዘሮ አሰፋሽ እንደ እኔው ተጠርቶ ወደመጣው አቶ በድሉ ዞሩ። አንገቱን ደፋ። «ሁለቱም ላይ ፈርሜያለሁ» አለ። «ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው።»
ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

የካቲት 17
ተወሰነ። የመጀመሪያው ውጤት ጸና፤ ህብረት ተቀጠረች። አንጁሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ወንበሩ ላይ ግን አለ። ሲያየኝ ፈገግ ይላል። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 1
ኮንትራቴ አልታደሰም። «በጀት ባለመኖሩ» ይላል ደብዳቤው። መሸኛዬን ልወስድ ስሄድ ህብረት ነጭ ጋዋን ለብሳ ከላብራቶሪ ወጣች። ሰምታለች።
«በእኔ ምክንያት...»
«በአንቺ አይደለም።»
«ተማሪዎቹ ፊት ስቆም አሁንም በሩን በሩን ነው የማየው» አለች። «አንዱ ተነስቶ ቢወጣብኝስ እላለሁ።»
«ወጣ?»
«እስካሁን ማንም አልወጣም።» ከክፍሉ ውስጥ ጠርተዋት ተመለሰች።
ከሰዓት ለሌላ መሥሪያ ቤት ቅጽ ሞላሁ። «የቀድሞ ሥራዎን የለቀቁበት ምክንያት» የሚል አለው። ቸርነት «ኮንትራት አልቆ በይ። ውሸትም አይደል» አለ። ብዙ አሰብኩ። ከዚህ በኋላ ማን ይቀጥረኛል?
እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በቅጥር ላይ የተሠራ አድልዎ ስላጋለጥኩ።»
ጽሑፉ ትንሽ ተጣሟል። ግን ይነበባል።