የኦቦ ቱሉ እጅና የእኔ ምት

ቅዳሜ፣ ሰኔ 3 ቀን 1953 ዓ.ም.

ዛሬም ወደ ቀኝ። ከመጀመሪያው ጉድጓድ እስከ መጨረሻው አንዲት ኳስ እንኳ ያሰብኩበት አልሄደችልኝም። ሁለቱ ቦይ ውስጥ ገቡ። አንዷ ባሕር ዛፍ መታችና ወደ እኔው ተመለሰች። ሙሴ ኒኮላ ሳቁን ለመደበቅ ጢሙን ያሽ ነበር።

ኒኮላ ግሪክ ነው፣ ሰዓት ሠሪ። ጎልፍ ያስተማረኝም አብሮኝ የሚጫወተውም እሱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከነፋስ ስልክ ከቴሌግራም ሥራዬ ስወጣ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ና፣ አንድ ዱላ ሞክር» ባይለኝ ኖሮ ይህን ጨዋታ ከአጥር ውጭ ሆኜ እያየሁ እቀር ነበር። ዝናቡ ሜዳውን ሳይዘጋው የፊታችን ቅዳሜ የጥንድ ውድድር አለ። ስንት ጥሩ ተጫዋች እያለ ጥንዴ ብሎ ያስመዘገበው እኔን ነው።

የዛሬ ምክሮቹ፦ ቀኝ እጅህን አላላ። ራስህን ቶሎ አታንሣ። ጉልበትህን እጠፍ። አትቸኩል። ተንፍስ!

ሁሉንም ባንዴ ላደርግ ስል ዱላዬ አፈር ቆፈረ።

«ከአንድ ወር በፊት እኮ እንዲህ አልነበርክም። ምን አገኘህ?» አለኝ ስንለያይ።

እንቅልፍ አጣሁ አልኩት። ውሸት ባይሆንም ምክንያቱ ሌላ ነው። ምን እንዳገኘኝ አውቃለሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 4

ከቅዳሴ መልስ ጓሮ ገብቼ የተጠቀለለ ጨርቅ እየመታሁ ስለማመድ ባለቤቴ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ስለ ጎልፍ ምንም አታውቅም። እኔን ግን ታውቀኛለች።

«ልትመታ ስትል ዓይንህን ትጨፍናለህ» አለችኝ።

አልጨፍንም አልኳት።

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩ። ጨፍኛለሁ።

ዱላውን አስቀምጬ ነገርኳት። እዚህም ልጻፈው፤ እስከ ዛሬ በዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልደፈርኩም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ነው። ሰባተኛው ጉድጓድ አጠገብ ወደ መካኒሳ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በዚያ ያልፉ ነበር። አይቻቸዋለሁ። እስኪያልፉ መጠበቅ ሲገባኝ መታሁ። ኳሷ ቀኝ እጃቸውን አንጓው ላይ አገኘቻቸው። ጩኸታቸው አሁንም ይሰማኛል። እኔና ሌላ አንድ ተጫዋች ተከታትለን ስለመታን የማን ኳስ እንደሆነች ያወቀ አልነበረም። እኔ ግን ኳሶቼ ላይ በቀለም ነጥብ አደርጋለሁ። ሣሩ ውስጥ አየኋት። ጎንበስ ብዬ አነሣኋትና ኪሴ ከተትኳት። «ኳሷ አልተገኘችም» ተባለ። የሜዳው ዘበኛ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው። እኔ ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ።

አስካለ ሰውየውን አወቀቻቸው። «ኦቦ ቱሉ ናቸው። ጎመን የምገዛው ከባለቤታቸው ከእትዬ ጫልቱ ነው። እጃቸው ታስሮ፣ በሬዎቻቸው ሥራ ፈትተው ቆመዋል። መሬቱ አልታረሰም።»

ሰኔ ገብቶ!

«ነገ አቦ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አብረን እንሄዳለን» አለች።

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እሺ» ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 5

ሄድን። የሥራ ተራዬ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ማመካኛ አልነበረኝም።

ኦቦ ቱሉ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው በሸምበቆ ስንጥር ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ የወጌሻ ሥራ ነው። መንገድ ለመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ድራሹ ጠፋ። ኳሷን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«የመታሁዎት እኔ ነኝ።»

በግራ እጃቸው አገላብጠው አዩዋት። «ይቺ ናት? እንቁላል አታህልም እኮ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አውቄሃለሁ። ሌሎቹ ወደ እኔ ሲሮጡ አንተ ሣር ውስጥ ጎንበስ ስትል አይቼሃለሁ። ይመጣል አልኳት ለጫልቱ። ቆየህ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። «ተው፣ ተነሥ። የመታኸኝ ሆን ብለህ አይደለም። የተደበቅኸው ግን ሆን ብለህ ነው።»

«አዎ» አልኩ።

«እንግዲህ ለሁለቱም ይቅር ብዬሃለሁ። እግዜርም ይቅር ይበልህ።»

እትዬ ጫልቱ ግን ፊታቸውን አልፈቱልኝም። «ይቅርታ መሬት አያርስም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጎረቤት ደቦ ሊወጣላቸው ቃል ገብቷል፤ ነገር ግን ሁሉም የራሱን ሳይጨርስ አይመጣም።

«እኔ አርሳለሁ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔንም ገረመኝ። ቡልጋ ሳለሁ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመቴ እርፍ ጨብጫለሁ። ኦቦ ቱሉ የተወለወለ ጫማዬን አይተው ሳቁ። እትዬ ጫልቱ ገቡና ቆሎና ጠላ ይዘውልን ወጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ አስካለ ክንዴን ያዘችኝ። በመንገድ ላይ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 6

የሥራ ጓደኛዬ በቀለ የሳምንቱን የጠዋት ተራዬን ወስዶ የከሰዓቱን ሰጠኝ። ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። እግዜር ይስጠው።

ጎሕ ሲቀድ እርሻው ላይ ነበርኩ። በሬዎቹ ቦራ እና ጉራቻ ይባላሉ። ገና ሲያዩኝ ናቁኝ። የመጀመሪያው ትልም የሰካራም መንገድ መሰለ። ኦቦ ቱሉ ከዳር ሆነው በኦሮምኛ ያጽናናሉ፤ እኔን መስሎኝ ነበር፣ ለካስ በሬዎቹን ነው።

ግራ መዳፌ ላይ ሁለት፣ ቀኙ ላይ ሦስት ቦታ ውኃ ቋጥሯል። ከሰዓት በኋላ ቴሌግራም ስመታ እያንዳንዷ ነጥብ ታቃጥለኛለች። የጎልፍ ዱላ አልነካሁም። ትናንት ግን ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና ተኛሁ። ተመስገን።

ረቡዕ፣ ሰኔ 7

ትልሙ ቀና ማለት ጀምሯል። ያስቸገረኝ ጅራፉ ነው። በልጅነቴ ሳጮኸው አገር ይሰማ ነበር፤ ዛሬ እንደ እርጥብ ገመድ ይወድቃል።

ኦቦ ቱሉ ብዙ ታግሠው ካዩኝ በኋላ መጡ። «ጨብጠህ ትገፋዋለህ። ጅራፍ ተገፍቶ አይጮህም። ወደ ኋላ ላከው። ጫፉ እስኪደርስ ጠብቅ። ከዚያ እጅህን አላላና ተወው፣ ራሱ ይመጣል» አሉ። በግራ እጃቸው አሳዩኝ። ጯ!

ዐሥር ጊዜ ያህል ሞከርኩ። በዐሥራ አንደኛው ጮኸ። ቦራ ዞሮ አየኝ።

ኒኮላ ሦስት ሳምንት ሙሉ «አትቸኩል፣ እጅህን አላላ» ሲለኝ የነበረው ይህንኑ አልነበረም? ማታ ጓሮ ወጥቼ ዱላውን ያለ ኳስ ወዘወዝኩ። ላክሁ፣ ጠበቅሁ፣ ለቀቅሁ። አስካለን ዓይኔን እንድታይልኝ ጠራኋት።

«አልጨፈንክም» አለች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 8

ለኒኮላ ነገርኩት። ከዚህ ሳምንት ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፤ ኦቦ ቱሉ አያውቁኝም ነበር፣ እሱ ግን ያምነኛል።

ሱቁ ውስጥ አንድ ዓይኑ ላይ መነጽሩን እንዳደረገ ሰማኝ። መነጽሩን አወለቀ። «ሦስት ሳምንት!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ ጥቃቅን ብሎኖች ተበተኑ። ሁለታችንም ተንበርክከን መልቀም ጀመርን።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። ልጠይቅህ አልፈለግሁም። አዎ ካልከኝ ብዬ ፈራሁ» አለ ከጠረጴዛው ሥር።

ከውድድሩ ልውጣ ወይ አልኩት። «ትጫወታለህ። ግን መጀመሪያ ለሁሉም ትናገራለህ» አለኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 9

ሌሊቱን ዘነበ። ጭቃው ማረሻ አላስኬድ ብሎ እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ቢሆንም የላይኛው መሬት አለቀ! የታችኛው ግማሽ ቀርቷል።

እትዬ ጫልቱ መዳፌን አይተው ቅቤ ቀቡኝ። ነገን ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 10

ከጨዋታው በፊት ተናገርኩ። አንዱ ጀርባውን ሰጠኝ። የዚያን ዕለት ተከትሎኝ የመታው ሰው መጥቶ እጄን ጨበጠኝና «ለካ እኔ አይደለሁም!» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እሱም ይህን ሁሉ ሳምንት ሲጨነቅ መክረሙን አስቤ አላውቅም። አፈርኩ። ከዛሬ ጀምሮ ሰባተኛው ላይ አንድ ሰው መንገዱ ዳር ቆሞ እጁን ሳያነሣ ማንም እንዳይመታ ተስማሙ።

ሰባተኛው ላይ መጀመሪያ መቺው እኔ ሆንኩ። እንጨት የተሸከሙ ሴት በመንገዱ መጡ። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ከኋላችን ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። «ጠብቅ፣ ማን ያስቸኩለናል?» አለኝ ኒኮላ። ሴትዮዋ አለፉ። የቆመው ሰው እጁን አነሣ። ላክሁ፣ ጠበቅሁ፣ ለቀቅሁ።

ሩቅ አልሄደችም። ወደ ቀኝም አልሄደችም። መሐል ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ኳስ አበላሽቻለሁ፤ አንዷ ቦዩን አልማረችም። ከዘጠኝ ጥንድ አራተኛ ወጣን። ኒኮላ ግን ዋንጫውን ከወሰዱት በላይ ደስ ብሎት ላገኘው ሰው ሁሉ «አራተኛ! አራተኛ!» ሲል ዋለ።

እሑድ፣ ሰኔ 11

ወጌሻው የኦቦ ቱሉን እጅ ሊፈታ ስለሆነ ናና ቁም ብለው ላኩብኝ። ከአስካለ ጋር ሄድን።

ጨርቁ ተፈታ፣ ስንጥሮቹ ተነሡ። እጃቸው ቀጥኖ ገርጥቷል። ወጌሻው አንጓውን በጣቱ ዳሰሰና «አጥንቱ ገጥሟል» አለ። «እስቲ ጣትዎን ያጥፉ።» አውራ ጣት ታጠፈች። ሌባ ጣት። የመሐል ጣት። የቀለበት ጣት፣ በግድ። ትንሿ ጣት አልተንቀሳቀሰችም።

«ይቺን እንጃ። በሙቅ ውኃ እያሻችሁ ጠብቋት» አለ ወጌሻው።

ኦቦ ቱሉ ትንሿን ጣት እንደ ሰነፍ ልጅ ትኩር ብለው አዩዋት። «እርፍ ለመያዝ አራቱም ይበቃሉ። ተመስገን ነው» አሉ። እኔ ግን ማመስገን አቃተኝ። ተንበርክኬ ያንን እጅ ያዝኩት። ሞቃት ነበር። ቀስ ብለው መልሰው ጨበጡኝ፣ በአራቱ ጣት፣ ካሰብኩት በላይ አጥብቀው።

እትዬ ጫልቱ ከጀርባዬ «ማክሰኞ ትመጣለህ አይደል? የታችኛው ግማሽ ቀርቶናል» አሉኝ። አንተ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።

እመጣለሁ አልኩ።