ዕንባ የነካው ሊጥ

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለውድ እኅቴ ለእትዬ ድምያና፤

ከአክሚም አጠገብ፣ ከአባይ ዳር ተነሥቶ ሜልቦርን የሚደርስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እዚያ ብርዱ ሊገባ ነው ይሉኛል፤ ሸፈንፈን ብለሽ ትተኛለሽ ወይ? ስኳርሽስ? ልጅሽ ሹክሪ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ይሰጥሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስንዴው አሽቷል፣ እርግቦቹ ተራብተዋል፣ የተሰበረውን የበር ማጠፊያ ግን አሁንም አልሠራሁትም።

በጾሙ መግቢያ በስልክ «ትቆርባለህ ወይ?» ብትዪኝ «እንዴታ» ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ እትዬ። ባለቤቴ ኢስቲር ካረፈች ጀምሮ፣ ዐሥር ወር ሙሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ኅብስት በገዛ እጄ እየጋገርኩ አንድ ቀን እንኳ አልቀመስኩም። በስልክ መናገሩ አሳፈረኝና ነው የምጽፍልሽ።

የጌታን አምላክነት ተጠራጥሬ አይደለም። እሱ አስቸግሮኝ አያውቅም። ያስቸገረኝ ሰው መሆኑ ነው። ኢስቲርን ቀብሬ ተመልሼ ባዶው አልጋ ላይ ስቀመጥ፣ ይሄን እሱ በምን ያውቀዋል አልኩ። ሥጋችንን እንደ እንግዳ ካባ ደርቦ ቆይቶ ሲሄድ አውልቆ የሰቀለው መሰለኝ። ከቁርባን በፊት ካህኑ አምላክነቱና ሰውነቱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ እንዳልተለያዩ ሲመሰክሩ፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፤ የእኔ ምላስ ይታሰራል። አሜን ሳልል ብቀርብ ደግሞ ሌባ የምሆን መሰለኝ።

ትናንት የብሥራት በዓል ነበር። ንጋት ላይ የኅብስቱ መጋገሪያ ቤተልሔም ገብቼ ዳዊቴን እየደገምኩ አቦካሁ። የኅብስቱ መሸፈኛ እርጥብ ሆኖ ስላገኘሁት ሌላ ፍለጋ ሣጥኑን ብከፍት፣ ኢስቲር ጠልፋ ያልጨረሰችው ነጭ ጨርቅ ከሥር ወጣ። መስቀሉ ግማሽ ነው፤ መርፌው እንደተሰካ ዝጓል። በቀብሯ እንዳላለቀስኩ ሰምተሻል። ተመልሼ ሊጡ ላይ ጎንበስ ስል ግን ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እጄ እስከ ክርኔ ሊጥ ነው፣ በምን ልጥረገው?

በዚህ ኅብስት ውስጥ ጨው እንደማይገባ በልጅነቴ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ዕንባ ደግሞ ጨው ነው።

ካህናችንን አባ ሰራብዮንን ጠርቼ ነገርኳቸው። «ስንት ጠብታ ይሆናል?» አሉኝ። «አልቆጠርኩም አባ» አልኩ። ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ፋኑስ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል፤ «በቀብሩ ቀን የነፈግኸንን ዕንባ ለዛሬ አስቀምጠኸው ነው? ያውም እኛ በባዶ ሆዳችን ቆመን?» አለኝ። አባ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ይሄን ለቤትህ ጋግረው፤ ሌላ አቡካ» አሉኝ። «ሕዝቡ እኮ መጥቷል፤ እስኪቦካ ፀሐይ ትወጣለች» ብላቸው፣ «ይጠብቃላ። አምላክ ራሱ እንደ ዛሬው ቀን በእመቤታችን ማሕፀን ዘጠኝ ወር ሊጠብቅ ገብቶ የለም እንዴ?» አሉ።

እትዬ፣ ይሄን ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ትናንት ግን አዲሱ ሊጥ ኩፍ እስኪል ቁጭ ብዬ ሳስበው ሌላ ሆነብኝ። በቃሉ ዓለምን የፈጠረ ጌታ ጥፍር እስኪያበቅል ጠበቀ። ጥርስ እስኪያወጣ ጠበቀ። ካባ የሚደርብ ሰው ይሄን ሁሉ አይጠብቅም። እዚያው የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ንስሐዬን ለአባ ተናገርኩ፤ አልገሠጹኝም። «ጌታ በወዳጁ በአልዓዛር መቃብር ላይ ሲያለቅስ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደሚያስነሣው አያውቅም ነበር?» አሉኝ። «ያውቃል» አልኩ። «ታዲያ ለምን አለቀሰ?» ብለውኝ እሳቱን ሊያዩ ተነሡ።

መሪጌታ ፋኑስ ሕዝቡን በዜማ ሲያቆየው ሁለተኛው ኅብስት ደረሰ። አባ ከቅርጫቱ እንከን የሌለበትን ሲመርጡ፣ መርፌውን ነቅዬ ኅብስቱን የሸፈንኩበትን የኢስቲርን ግማሽ መስቀል በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። የምስክሩ ሰዓት ሲደርስ አሜን አልኩ። ድምፄ ሰለል ያለ ነበር፤ ግን ወጣ። ቆረብኩም። አልጋው ዛሬም ባዶ ነው እትዬ። ግን ባዶነቱን የማውቀው እኔ ብቻ አይመስለኝም።

ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ሊጥ፣ ኮምጠጥ ብሎ ስለነበር፣ ቶሎ ጋገርኩት። በበዓሉ ዓሣ ስለሚፈቀድ ጎረቤቴ ኡም ዋዲዕ የጠበሰችውን ይዛልኝ መጣች። የሆነውን አልነገርኳትም። አንድ ቁራሽ አላምጣ አላምጣ፣ «ጋሼ ባኩም፣ ዳቦህ ጨው የሚባል አልነካውም» አለችኝ። እንደዚያ ከሳቅኩ ዐሥር ወር አልፎኛል።

ሹክሪን እቀፊልኝ፤ እሱም እንደምቆርብ ያስባልና ውሸቴን አንቺው ንገሪው። ለሚስቱ ለማጊ፣ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ነው በያት። ልጃቸውን ትንሿን ኢሪኒን ጉንጯን ሳሚልኝ። የመጀመሪያ ጥርሷ ብቅ ሲል አሳውቂኝ፤ እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ ባኩም
ናዝሌት ሲምዓን፣ አክሚም አጠገብ
ባረምሃት (መጋቢት) 30 ቀን 1740 ዓመተ ሰማዕታት