የመርዶ ነጋሪዋ መርዶ

ሰኞ

ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። የስልኬ ባትሪ አለቀ፣ የእሳቸው ወሬ ግን አላለቀም። የቀረውን በእጄ ጻፍኩ፤ አውራ ጣቴ አሁንም ያመኛል።

እትዬ በላይነሽ የሰፈራችን መርዶ ነጋሪ ናቸው። ቤታቸው ከእኛ ሦስት በር አልፎ ነው፣ እስከ ዛሬ ግን ገብቼ አላውቅም ነበር። ማን ይገባል? ልጅ ሆነን በማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እኛ በር ሲመጡ ካየች እናቴ "በስመ አብ!" ብላ ደረቷን ትይዝ ነበር። ወደ ሌላ ቤት ሲታጠፉ ትተነፍሳለች። ከዚያ ስለ ተነፈሰች ታፍራለች።

የመመረቂያ ጽሑፌ የሞት ዜና ከሰው አፍ ወደ ስልክ ሲሄድ ምን እንደሚጎድልበት ነው። ወይም ምን እንደሚጨመርበት፤ አማካሪዬ ዶክተር ሰለሞን "አትፍረጂ፣ ጠይቂ" ብለውኛል። እንግዲህ እትዬ በላይነሽን ሳልጠይቅ ማንን ልጠይቅ?

ግራ ዓይናቸው ተሸፍኗል። ባለፈው ሳምንት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም፣ ማልቀስ የለም። "ሐኪሙ አታልቅሺ ሲለኝ ሳቅኩበት። ሥራዬን እኮ ነው የከለከለኝ" አሉ።

ደንቦቻቸው፣ እንደነገሩኝ፦

በስልክ አይነገርም። በጭራሽ።

ማልዶ ነው የሚኬደው፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ። ብቻ አይኬድም፤ አንድ ከዘመድ፣ አንድ ከጎረቤት ይኑር።

በር ላይ ቆሞ አይነገርም። ሁሉም ይቀመጣል።

"ትንሽ አሞት ነበር" እያሉ መዞር የለም። የሟቹን ስም ከነአባቱ ጠርቶ፣ አንዴ፣ ጥርት አድርጎ።

መርዶ በያዙበት ቤት ውሃ እንኳ አይቀመስም። ይህን ሲሉ ጉልበቴን መታ አደረጉኝ። "የሰውን እህል ቀምሼ በዚያው አፌ ልቡን ልስበረው? አላደርገውም!" ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ለምዕራፍ ሦስት ወርቅ ነው።

ልወጣ ስል ቡፌው ላይ ያለ ፎቶ አሳዩኝ። ታናሽ ወንድማቸው ታደለ፣ ባቱ መምህር ነው። እናታቸው ስትሞት አራት ዓመቱ ነበር፤ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሁድ እሁድ ይደውላል። "ትናንት ግን አልደወለም። ትዕግስት ኔትወርክ ነው አለችኝ።" ትዕግስት ልጃቸው ናት፣ ዱከም ፋብሪካ ትሠራለች።

ማክሰኞ

ምን ጉድ ውስጥ ገባሁ?

ላይብረሪ ቁጭ ብዬ ሰዎች በየግሩፑ የሚለጥፉትን የሐዘን መልእክት እየሰበሰብኩ ነበር። ነፍስ ይማር፣ የሻማ ምስል፣ የሚያለቅስ ፊት። እውነቱን ለመናገር ስሙንም ሳላነብ ነው ሰንጠረዡ ላይ የምደረድረው። ከዚያ ፎቶው መጣ። እትዬ በላይነሽ ቡፌ ላይ ያለው ፎቶ ራሱ። ቡናማ ኮት፣ የፊት ጥርሶቹ መካከል ክፍተት። "ፊደል ያስቆጠርከን መምህራችን" ይላል፤ የባቱ የቀድሞ ተማሪዎቹ ናቸው የለጠፉት። ቅዳሜ ተቀብሯል።

ትናንት እኮ ነው "ኔትወርክ ነው አለችኝ" ያሉኝ!

ለትዕግስት ደወልኩላት። የማሽን ድምፅ ይሰማል፣ እየጮኸች ነው የምታወራው። ፎቶውን አየሁት አልኳት። ከማሽኑ ራቅ ብላ ወጣች መሰለኝ፣ ጸጥ አለ።

"ሜሮን፣ በእናትሽ። በእናትሽ እንዳትነግሪያት።"

ቅዳሜ ለሥልጠና ነው ብላ የሄደችው ለቀብር ነበር። ታደለ በድንገት አሞት ሁለት ቀን ብቻ ነው ሆስፒታል የተኛው። ሐኪሙ የእናቷን ዓይን በዚህ ቅዳሜ ያያል። ደህና ነው ካለ እሁድ ጠዋት መርዶው ይነገራል። እስከዚያ እናቷ ካለቀሰች ዓይኗን ታጣለች ብላ ትፈራለች።

ሐሙስ ከእናትሽ ጋር ቀጠሮ አለኝ፣ ልሰርዘው? ስላት "ከቀረሽ ትጠረጥራለች፣ አታውቂያትም" አለች።

ተናደድኩ። በትዕግስትም፣ በራሴም። ጥናቴ መግቢያ ላይ ስለ ሰው መረጃ የማግኘት መብት ሦስት ገጽ ጽፌአለሁ። ሦስት ገጽ! አሁን የአንዲት እህትን መረጃ ኪሴ ውስጥ ይዤ በበሯ አለፍኩ። አንገቴን ደፍቼ።

ረቡዕ

ዶክተር ሰለሞን ጋ ገባሁ። ስም ሳልጠራ "አንድ ሰው ስለ ራሱ የማያውቀውን ነገር በጥናት ላይ ሆኜ ባውቅ ምን አደርጋለሁ?" አልኳቸው።

መጀመሪያ "ሥነ ምግባር የሚለው ንዑስ ክፍል ውስጥ አስገቢው" አሉ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሰው ሞቷል?"

"አዎ።"

 ውጭ ነፋሱ መስኮቱን ያንገጫግጨዋል፣ የአዳማ አቧራ በስንጥቁ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። "ፍልስፍና ሳስተምር እውነት ምንድን ነው እያልኩ ስንት ዓመት ጠየቅኩ" አሉ፤ "እውነት የማን ነው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። የሚያውቀው ሰው ነው ወይስ የሚመለከተው?"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።  ምዕራፍ ሦስትን ለሰኞ አድርሺ አሉኝ።

ሐሙስ

ሄድኩ።

እትዬ በላይነሽ ደስ ብሏቸዋል። ወንበር ጠርገው ጠበቁኝ፣ ሻይ በቅርንፉድ አፍልተው። መቅጃውን ከፈትኩ። ድሮ ከሁሩታ እህል ጭኖ የመጣን ሰው ገበያ መሀል እንዴት አባብለው ቤት ወስደው የአባቱን ሞት እንደነገሩት አወሩኝ። ሰውየው ዛሬም ለመስቀል ጤፍ ይልክላቸዋል። "መርዶ ያረዳውን ሰው የሚጠላ አለ፣ የሚወድም አለ" አሉ።

ጥያቄዎቼን ከወረቀቱ ላይ አነበብኩ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ቀና ስል ቡፌው ላይ እሱ አለ።

በመሀል "ታደለ እስካሁን አልደወለም" አሉ። እኔን እያዩ። በአንድ ዓይናቸው።

"እሁድ ይደውላሉ" አልኩ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ማን ጠየቀኝ? ዝም ማለት እችል ነበር። ትዕግስት እንኳ ዝም በይ ነው ያለችኝ እንጂ ዋሺ አላለችኝም። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ጥያቄዎች አላነበብኩም። ትንሽ ቆይተው "ዛሬ ይብቃን ልጄ፣ ደከመኝ" አሉ። በጊዜ ስለ ለቀቁኝ ደስ አለኝ። ምንም አላወቁም፣ አለፈ።

ዓርብ

አላለፈም።

የትናንቱን ቅጂ ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ነው የሰማሁት። የእኔ ድምፅ፣ "እሁድ ይደውላሉ።" ከዚያ የነፋስ ድምፅ። ከዚያ የእትዬ በላይነሽ፣ ዝግ ብሎ፦

"ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ።"

"አይ፣ ይቅርብኝ።"

"ጠብታ እንኳ አልቀመስሽም።"

"አልችልም እትዬ።"

ከዚያ  ባጃጅ አለፈ፣ ሌላ ባጃጅ አለፈ። ከዚያ "ዛሬ ይብቃን ልጄ።"

ከዚህ በላይ ያለው ገጽ ላይ ደግሞ ሰኞ በእጄ የጻፍኩት፣ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት አለ። መርዶ በያዙበት ቤት ውሃ እንኳ አይቀመስም።

ወይኔ! ወይኔ ሜሮን! አሥር ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ሥራውን በሚያውቅ ሰው ፊት ነው እንደዚያ የሆንኩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ሲያደርጉ የኖሩ ሴትዮ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ አነበቡኝ።

ለትዕግስት መንገር አለብኝ። አልነገርኳትም። ሦስት ጊዜ ቁጥሯን አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት። የመጨረሻው ላይ ራሷ ደወለች።  ለሌላ ነገር ነው፦ "እማዬ ትናንት ከሥራ ስመጣ እራት ሠርታ ጠበቀችኝ። በዚያ ዓይኗ! 'ልጄ ከስተሻል፣ አይዞሽ' ብላ ጸጉሬን ዳበሰችኝ። ምን ነካት?"

"እንጃ" አልኩ። ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

ቅዳሜ

ሐኪሙ ዓይናቸው ደህና ነው ብሏል። መርዶው ነገ ጠዋት ነው።

ከሰዓት በኋላ ትዕግስት ጠራችኝ። ጎረቤት ቤት ተሰብስበዋል፤ የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ገመቹ፣ ከባቱ የመጣችው የታደለ ሚስት፣ ሁለት የእድር ሴቶች። ፊታቸው ሁሉ ጭንቅ ነው። ምክንያቱን ስሰማ እንባዬ መጣ። የሚነግር ሰው ጠፍቷል። እስከ ዛሬ በዚህ ሰፈር መርዶ ሲኖር እትዬ በላይነሽ ናቸው የሚጠሩት፤ ሌላው ከኋላቸው ነው የሚሄደው። ከፊት ሄዶ የሚያውቅ የለም።

"አንቺ ደንቡን ጽፈሻል አሉ" አሉኝ ኦቦ ገመቹ። "እስቲ አንብቢልን።"

ደብተሬን አወጣሁ። ሽማግሌ ሰው እንደ ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያዳምጡኝ አፈርኩ። በስልክ አይነገርም። ማልዶ። ሁሉም ይቀመጣል። ስሙን ከነአባቱ። ኦቦ ገመቹ በከንፈራቸው ይደግማሉ። ውሃ እንኳ አይቀመስም የሚለው ላይ ስደርስ ደብተሩን ዘጋሁት።

ነገርኳቸው። ሻይውን፣ "እሁድ ይደውላሉ" ያልኩትን፣ ሁሉንም።

ትዕግስት ተነስታ ቆመች። "ለጥናትሽ ብለሽ ነው አይደል? እናቴን መጻፊያ አደረግሻት!" አለችኝ።  ራሷ ሂጂ ያለችኝ መሆኑ ትዝ ብሎኛል፣ ግን አፌ ላይ አልመጣም።

ኦቦ ገመቹ ናቸው ያስቀመጧት። "ታውቃለች እንግዲህ" አሉ። "ቢሆንም እንሄዳለን። ጠርጥሮ መቀመጥ ሌላ ነው፣ ሰው በርሽን አንኳኩቶ ሲነግርሽ ሌላ ነው።" ወደ እኔ ዞረው "አንቺም ትመጫለሽ" አሉ። ትዕግስት ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

እሁድ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄድን። ሰፈሩ ገና አልነቃም፣ ነፋሱ ብቻ ነው።

በሩ ክፍት ነበር።

እትዬ በላይነሽ ለብሰው ተቀምጠዋል። ወንበሮቹ ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፣ የጎረቤት በርጩማ ሳይቀር። ኦቦ ገመቹ "አካም ቡልቴ፣ በላይነሽ" ብለው እንዴት እንዳደሩ በኦሮምኛ ጠየቁ፤ እሳቸውም "ፈያ፣ ግቡ" አሉ። ገባን፣ ተቀመጥን። ማንም ምንም አልቀመሰም፣ እሳቸውም አላቀረቡም።

ኦቦ ገመቹ ጀመሩ። "በላይነሽ፣ ዛሬ የመጣነው…" አሉና ቆሙ። እንደገና ጀመሩ። አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። እንደ ተራራ የማያቸው ሰውዬ ናቸው። ደንቡ ሁሉ ጠፋን።

እትዬ በላይነሽ እጃቸውን ዘርግተው የኦቦ ገመቹን ክንድ ያዙ። "አይዞህ ገመቹ። ስሙን ጥራልኝ።"

"ታደለ ወልዴ" አሉ ኦቦ ገመቹ። "ወንድምሽ ታደለ ወልዴ አርፏል።"

አንዴ፣ ጥርት አድርገው።

ያን ጊዜ ነው የጮኹት። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ትዕግስት እግራቸው ሥር ወደቀች፣ "ይቅር በይኝ እማዬ" እያለች፤ እሳቸው እያለቀሱ ጸጉሯን ይዳብሳሉ። እኔ ተነስቼ በሩ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። መቅጃ አልያዝኩም፣ ደብተርም አልያዝኩም።

ሰኞ

ዛሬ ምዕራፍ ሦስትን ማስረከብ ነበረብኝ። ባዶ እጄን ሄጄ ለዶክተር ሰለሞን የሆነውን ነገርኳቸው። "አንድ ሳምንት ውሰጂ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ከዚያ ልቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ትዕግስት በሩ ላይ አየችኝ። ሰላም አላለችኝም፣ ግን ከመንገዴ ዘወር አለችልኝ። እትዬ በላይነሽ ፍራሹ ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ሁለቱም። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። "ሐሙስ…"

"ሐሙስ ነው ያወቅሁት" አሉ በጆሮዬ። "አንቺ ስትሄጂ በሩን ዘጋሁ። አላለቀስኩም ግን። ሦስት ቀን ያዝኩት።"

"ለዓይንዎ ብለው?"

"ምን ዓይን! ብቻዬን አልቅሼ ብጨርሰው ልጄ እሁድ ይዛ የምትመጣውን መርዶ ለማን ትሰጠዋለች?"

 ልጽፈው ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ልጠይቃቸው ስል አንዷን የእድር ሴት ጠቅሰው ሻይ አስመጡ። ራሳቸው ተቀብለው እጄ ላይ አኖሩት። ትኩስ ነው፣ ብርጭቆው ያቃጥላል።

"አሁን ጠጪ" አሉኝ።

ስኳሩ በዝቷል። ሁሉንም ጠጣሁት።