ሚስትህን ያስባረረ እብጠት

ይድረስ አዝዬ ላሳደግሁህ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እናታችን እንደምን አለች፣ ጉልበቷስ ተሻላት? ልጅህ ጉንጬስ፣ የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይ? እኔ እግዜር ይመስገን ዛሬ ደኅና ነኝ፤ ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ቁጭ ማለት ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ያወቅሁት በቅርቡ ነው። የሚስትህን ጤና አንተን አልጠይቅህም፤ የምታውቀው ነገር የለምና።

በደብዳቤህ ግርጌ ሁልጊዜ በራሷ እጅ ሁለት መስመር ትጨምርልኝ ነበር። ጉንጬ ምን እንደሰበረች፣ ጣሪያው የት የት እንዳፈሰሰ፣ እንዲሁ የቤት ወሬ። ባለፈው ደብዳቤህ ግን ግርጌው ባዶ ነበር። ከላይ የጻፍኸው ሞልቶ ተርፏል፤ ኀፍረተ ሥጋዋ ላይ እብጠት እንደወጣባት፣ እንዲህ ያለ ነገር ከደጅ እንጂ ከቤት እንደማይመጣ አጎታችን እንደነገረህ፣ እናታችን እያየች ጓዟን ጠቅልለህ ወደ አባቷ ቤት እንደሰደድሃት፤ እኔስ ምን እንደምል። እኔም እህት ተብዬ በምሳ ሰዓት ጭኔ ላይ አንዲት ገጽ ጫርሁልህ። ደግ አደረግህ፣ ክብርህን ጠብቅ አልሁህ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሑፉ ደግሞ ይብሳል፣ አንተ ዘንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ያን ደብዳቤ በላክሁ በሦስተኛው ሳምንት እኔም አበጠብኝ። እዚያው ቦታ፣ በግራ በኩል። መጀመሪያ የሽምብራ ፍሬ ታክል ነበር፣ አታምም። በሳምንቱ የእርግብ እንቁላል አከለች። እኔ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጬ የሸሚዝ ኮሌታ ነው የምሰፋው። አንድ ጎኔን አንሥቼ መስፋት ጀመርሁ። አለቃችን፣ ሽንት ቤት የቆየንበትን ደቂቃ ስለሚቆጥር «ሰዓቱ» ብለን የምንጠራው፣ ወንበርሽ እሾህ አበቀለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለማን ልንገር? አንተን ክብርህን ጠብቅ ያለው አፌ ለራሴ ሲሆን ተዘጋ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲሉ እየሰማሁ ያደረግሁትን ስማ። ሃያ ዓመት መርፌ የያዘ እጅ ምን ያቅተዋል ብዬ፣ ወፍራሙን የእጅ መርፌዬን በክብሪት አሙቄ፣ በመስተዋት እያየሁ ወጋሁት። ጥቂት ደም ወጣ፣ እብጠቱ ግን አልሄደም። በሁለተኛው ቀን ቀላ፣ ጋለ፣ ትኩሳት ለቀቀብኝ፤ እግሬን ከፍቼ ካልሆነ መራመድ አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ኮሌታ ገልብጬ ስሰፋ ያየኝ ሰዓቱ ራሱ ክሊኒክ ሂጂ አለኝ። ለእኔ አዝኖ እንዳይመስልህ፣ ለኮሌታው ነው።

ክሊኒክ ያገኘኋት ሲስተር መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ትልቅ ሴት ናት። ያደረግሁትን እያለቀስሁ ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና፣ «መርፌ ለጨርቅ ነው፣ እህቴ» አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በሴት ብልት አፍ ግራና ቀኝ ከተፈጥሮ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ ሥራቸው ማርጠብ ነው። የአንዱ ቀጭን መውጫ ሲደፈን እርጥበቱ ውስጥ ይጠራቀምና ያብጣል። ጀርም ከገባበት ደግሞ መግል ይይዛል፤ የእኔ የመገለው ከገዛ መርፌዬ በኋላ ነው። የአንተን ነገር አስቤ፣ ከወንድ የሚመጣ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። በአባላዘር በሽታ የሚመግልበት ጊዜ ስላለ እንደሚመረምሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ማንም ሳይነካት በሴት ላይ እንዲሁ እንደሚወጣ ነገረችኝ። የእኔም ምርመራ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ አንተ ንገረኝ። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የወንድ እጅ ጨብጬ እንደሆነ ለሰላምታ ነው። እኔስ ይህን ከማን አመጣሁት? ከስፌት መኪናዬ ጋር ማግጬ ነው?

ቦታውን አደንዝዘው፣ ትንሽ ከፍተው መግሉን አወጡልኝ። ቀዳዳው ቶሎ እንዳይገጥም ጫፏ ላይ ፊኛ ያላት ቀጭን ቱቦ አስገቡልኝ፤ አራት ሳምንት ይዣት ስሰፋ ከረምሁ። የሚዋጥ መድኃኒትም ሰጡኝ። ጠዋት፣ ከሥራ ስመለስና ከመተኛቴ በፊት ሳፋ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ ሩብ ሰዓት እቀመጥ ነበር። ውሃውን የማሞቀው እኔ፣ የምሸከመው እኔ፣ ግድግዳ ይዤ የምነሣው እኔ። አንድ ቀን ሳፋው ውስጥ እንደተቀመጥሁ ሚስትህን አስቤ አለቀስሁ። ውሃ የሚያሞቅላት ባል ነበራት፤ እሱ ግን ጓዟን ጠቅልሎ ሰደዳት፤ እኔም ደግ አደረግህ አልሁት።

የእሷ እስካሁን ራሱ ፈንድቶ ሽሮ ይሆናል፤ መግል ይዞ በትኩሳት ተኝታም ይሆናል፣ አላውቅም። አንተም አታውቅም፣ ነገሩም ይኸው ነው። ሳትውል ሳታድር ሂድና ይዘሃት ጤና ጣቢያ ግቡ። እንዳትጨምቁት፣ እንዳትወጉት፣ ቅጠልም እንዳታስሩበት። መድኃኒት ከሰጧት ቢሻላትም ትጨርሰው። ውሃውን አንተ አሙቅላት፤ ክርንህን ነክረህ ለካው፣ እንዳያቃጥላት። እስክትድን አልጋህን ለይ። ካፈርሁ አይመልሰኝ እንዳትል። ጎረቤት ምን ይለኛል ካልህ ይህን ደብዳቤ አንብብላቸው፤ በእሷ ፈንታ የእኔን ስም ያንሡ።

እናቴን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ምራቷ ጓዟን ይዛ ስትወጣ ዝም ማለቷን ግን አልረሳሁላትም። ጉንጬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ እናቴ የት ናት ስትልህ ምን እንደምትላት እኔ አላውቅልህም። አጎታችንን እንደምን አለህ በልልኝ፤ ምክሩን ለራሱ ያቆየው።

ለሚስትህ በአንተ በኩል ሰላምታ አልልክም። በአባቷ ቤት አድራሻ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ፤ ክብርህን ጠብቅ ያልሁህ እኔ መሆኔንም አልደበቅኋት። ይቅር ባትለኝ እውነቷን ነው። አንተም መልስ ስትጽፍልኝ ከማሸግህ በፊት ግርጌውን እይ። የእሷ እጅ የጻፈው ሁለት መስመር ከሌለበት ቴምብርህን አታባክን።

እህትህ
ከስፌቱ ክፍል፣ መስኮት ሥር ካለው መኪና ላይ
ኅዳር 4 ቀን