መቁረጫው ማሽን የሰጠኝን መልስ ስለማሳወቅ

ለተከበሩ አቶ ሃፍታይ፣
የልብስ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣
መቐለ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ከነአሥሩ ጣቶችዎ እንዴት ሰንብተዋል? ፈጣሪ ጤናዎን ያብዛልዎ። እኔ፣ እስካለፈው ሳምንት የፋብሪካው የኮምፒውተር ባለሙያ የነበርኩት ወንድሜነህ፣ ከጎደለው የፊት ጥርሴ በስተቀር ደህና ነኝ።

የጨርቅ መቁረጫው ማሽን ከወሎ መጥታ እንጀራዋን የምታገኝበትን የሠራተኛችንን የሀፊሳን ቀኝ እጅ ከአንጓው ቆርጦ በጣለ ዕለት፣ በሮማናት አደባባይ በኩል ወደ ዓይደር ሆስፒታል ስንበር ደሟ የባጃጁን ወለል ሲያርስ፣ እርስዎ ስክሪኑ ላይ «ሁሉም ደህና» የሚለውን ጽሑፍ አሳይተው ጥፋቱ የልጅቷ መሆኑን ወዲያው ስለደረሱበት ምስጋናዬ የላቀ ነው። የቀሩኝን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስክሪን የታዘዘውን ስለሚናገር፣ የአምራቹ መመሪያ በማይጠቅሰው በር ገብቼ የኮምፒውተሩን እምብርት፣ መሣሪያዎቹን ሁሉ የሚያዘውን ከርነል፣ በቀጥታ ጠየቅሁት። እርሱም እጅ ሲጠጋ ስለቱን የሚያቆመው ሴንሰር እንዲታለፍ መታዘዙን ሳያፍር ነገረኝ። እርስዎ ምርት ያዘገያል እያሉ ሲያማርሩበት የነበረው ያው ሴንሰር ነው፤ ለትእዛዙ የሚያስፈልገውን የይለፍ ቃል የሚያውቁትም እርስዎ ብቻ ነዎት።

፪. ይህንን ባሳየሁዎት ጊዜ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጥበቃው ተኽለ ላፕቶፔን በጫማው እንዲያደቅ፣ እኔንም በዱላ እንዲያስተምረኝ አዘዙ። ትምህርቱ ገብቶኛል። ተኽለ አፌን የምታጠብበት ውሃ ሲያቀብለኝ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ታዝዤ ነው» አለኝ፤ ከርነሉም ያለኝ ይህንኑ ነበር።

፫. ሴንሰሩ ዛሬም እንደታለፈ ነው። በሀፊሳ ቦታ የቆመችው ደግሞ ታናሽ እህቷ ሁሪያ ናት። ይህን ቅሬታ ብዬ ልጽፈው ብሞክር ብዕሬ እምቢ አለኝ። ክንድዎን እስከ ክርንዎ ከዚያ ስለት ሥር አስገብቼ ማሽኑን ባስነሣሁት ብዬ ተመኝቻለሁ፤ ተመኝቼም አልተጸጸትኩም። ሁሪያ ሳትቆረጥ ማሽኑን ያስቁሙ።

በቀሩት ጥርሶቼ ፈገግ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ የምሰናበትዎ፣
የቀድሞ ሠራተኛዎ
ወንድሜነህ ፈለቀ

ግልባጭ፦ እጅ ላለው ሁሉ

ማስታወሻ፦ ለሀፊሳ በላኩላት የስንብት ወረቀት ላይ ጥፋቷን አምና በቀኝ አውራ ጣቷ እንድታትም አዘዋል። ጣቷ የቀረው ከእርስዎ ፋብሪካ ነውና፣ ፈልገው ራስዎ ያትሙላት።